ከብቅሉ የሚገባኝ ስኳር የት ቀረ? ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከገብስ ብቅል ብቻ ቤቴ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሚወጣው ቢራ ጣዕም እምብዛም ባላፍርም፣ ከብቅሉ የማገኘው ስኳር ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ አስጨንቆኛል። ስሌቴን ላስቀምጥ። አንድ ኪሎ ጥሩ ነጣ ያለ የገብስ ብቅል፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ቢወጣ፣ 300 ገደማ ነጥብ ይሰጣል፤ ይኸውም አንዱ ኪሎ 10 ሊትር ቢወጣው የጭማቂው ጥግግት (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት፤ ስኳር ሲበዛ ይጨምራል) 1.030 ይሆናል ማለት ነው። ነጥብ የምለው ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሦስት አሃዞች በሊትሩ ሳባዛ የሚመጣውን ነው፤ 30 በ10 ሲባዛ 300። እኔ 5 ኪሎ ስለምጠቀም 1500 ነጥብ በእጄ አለ። ተፍልቶ የሚቀረኝ ግን 20 ሊትር ሲሆን የጥግግት መለኪያው ሃይድሮሜትር የሚያሳየኝ 1.038 ነው፤ 20 በ38 ሲባዛ 760 ይመጣል፤ ይህም ከ1500ው 51 በመቶ በቅጡ አይሞላም። ቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች 70 እና 75 በመቶ ማግኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የእኔ ድርሻ ከአተላው ጋር ወደ ጎረቤቴ ላሞች እየሄደ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ብቅሉን ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት አሸርክቼ፣ በኪሎ 3 ሊትር ሒሳብ በ15 ሊትር ሙቅ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ባልዲውን በጋቢ ጠቅልዬ በ67 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ ከዚያም አጥልዬ፣ በእህሉ ላይ የቀረውን ስኳር በሌላ 15 ሊትር ሙቅ ውሃ አጥቤ አወርደዋለሁ። የምሳሳተው የቱ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጥያቄውን ካቀረብሁ ወዲህ የመጡት መልሶች ብዙ ናቸው። ክሩ (የውይይቱ ተከታታይ) ስለረዘመና አዲስ ለሚገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ስለጠፋ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። በየመካከሉም የሞከርሁትን ጨምሬበታለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው መላሽ ከባሕር ዳር የጻፈ ወንድም ነው። በትሕትና ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ አሠራሩን ከመንካቴ በፊት ልኬቱን እንድጠረጥር መክሮኛል። ሃይድሮሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ያህል ቀዝቃዛ ፈሳሽ በመሆኑ፣ ትኩስ ጭማቂ ውስጥ ከተነከረ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር እንደሚያሳይ ገልጾ፣ ጭማቂውን አቀዝቅዤ እለካ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሃያው ሊትርም በግምት ነው ወይስ በተሰፈረ ዕቃ ብሎ ጨመረ። አቀዝቅዤ እንደምለካና ባልዲው የሊትር ምልክት ያለው መሆኑን መለስሁለት።

2ኛ መልስ። ይህ ጸሐፊ ጥፋቱ ከወፍጮ ቤቱ ነው ብሎ ደመደመ። ወፍጮ ቤት የሚያውቀው የእንጀራና የገንፎ ዱቄት ነው፤ ብቅል ግን ዱቄት መሆን የለበትም፤ ገለፈቱ ሳይደቅ ውስጡ ብቻ ሦስትና አራት ቦታ መሰባበር አለበት፤ ገለፈቱ በኋላ ሲጠለል ወንፊት ሆኖ የሚያገለግለው እርሱ ነውና። በሁለቱ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ዱቄት ይሆናል፣ ሲሰፋ ደግሞ ፍሬው እንደ ሙሉ ያልፋል ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ ያዘዘኝን በዚያው ማታ አደረግሁት። አንድ እፍኝ ሽርክት ነጭ ሳሕን ላይ በትኜ፣ ከመብራት ሥር ተቀምጬ 100 ፍሬ ቆጠርሁ። 14ቱ ምንም ያልተነኩ፣ ጫፋቸው እንኳ ያልተፈነከተ ነበሩ። በጥርሴ ስሰብራቸው ውስጣቸው ነጭና ጣፋጭ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ሳይገባው ወደ አተላው ይሄድ እንደነበር ሳየው ተቆጨሁ። ይሁን እንጂ 14 ፍሬ ከመቶው የጎደለኝን 20 እና 25 በመቶ ሊሞላ እንደማይችል ወዲያው ገባኝ፤ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

3ኛ መልስ። የክሩ መልክ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ከቢቸና አካባቢ የጻፉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ እናት ናቸው። ስለ ሃይድሮሜትር አላውቅም ካሉ በኋላ፣ ልጄ እያሉ በእርጋታ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እህሉን ሳያበስሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት ሁሉን ስጠኝ ይሉታል? እርሳቸው ብቅሉን ከጌሾው ጋር ይጠነስሱታል፤ አሻሮውን ቆልተውና አስፈጭተው፣ በውሃ ለውሰው ምጣድ ላይ እንኩሮ እስኪሆን ያገላብጡታል፤ እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ጥንስሱ ላይ ገብቶ ድፍድፉ ቀናት ይሰነብታል። ያልበሰለ ዱቄት ጥንስሱ ላይ ቢጨመር ጠላው እንደሚቀጥን፣ አተላውም እንደሚበዛ ከእናታቸው የተማሩትን ጻፉ። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ስለሚያጥኑበት ሁኔታም አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ ያ አንቀጽ ከጥያቄዬ ውጪ ቢሆንም ሳነብበው የእናቴ ቤት ሸተተኝ።

4ኛ መልስ። ይህኛው ጸሐፊ ቁጣ ቁጣ ብሎታል። ጠላና ቢራ የተለያዩ ስለሆኑ እዚህ ላይ ስለ ጋንና ስለ ወይራ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው፤ ጠላ ጠማቂ ብቅሏን አትመዝንም፣ ጥግግት አትለካም፣ ስለዚህም ከብቅሉ ስኳር ምን ያህሉ እንደ ወጣ የምትለው ነገር ሊኖር አይችልም የሚል ነበር። ሐሳቡ በከፊል ልክ ቢሆንም አነጋገሩ ለእናት የሚገባ አልነበረም፤ ይህንንም በዚያው ገልጬለታለሁ።

5ኛ መልስ። ሳላስበው የቢቸናዋን እናት በሳይንስ የደገፈ ሰው መጣ። ብቅል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆርጡት ስታርቹ መጀመሪያ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥና ሲላላ ነው፤ ገንፎ ምድጃ ላይ ድንገት የሚጠብቅበት ቅጽበት ይኸው ነው ብሎ አስረዳ። የገብስ ብቅል ስታርች ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሚላላ፣ ለኢንዛይሞቹ በሚመቸው ሙቀት ውስጥ አብሮ ይሠራል። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ግን 70ንም የሚያልፍ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ያ ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሞቹን ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ለብቻቸው ቀድመው መብሰል አለባቸው። እንኩሮ ማለት ይህ ነው፤ ቢቸና ያሉት እናት የሚሠሩትን የቢራ ፋብሪካዎችም በቆሎ ወይም ሩዝ ሲጨምሩ በትልቅ የብረት ድስት ይሠሩታል ሲል ደመደመ። በእኔ አስተያየት ከክሩ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ዕውቀት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሙቀትን ነገር በልቤ ያስቀመጠው እርሱ ነበር።

6ኛ መልስ። ከዳንግላ አቅራቢያ የጻፈ ሰው በዳጉሳ ብቅል የደረሰበትን አወጋን። ዳጉሳ ጥሩ ብቅል ይወጣዋል፤ ፍሬው ግን ደቃቅ ነው፤ እንደ ገብስም ወንፊት የሚሆን ገለፈት የለውም። ሰውየው ንጹሕ የዳጉሳ ሽርክት ዘፍዝፎ ሊያጠልል ሲል እንደ ሊጥ ተለጥፎ አንድ ጠብታ አልወርድ ስላለው እስከ እኩለ ሌሊት ሲታገል አመሸ። በሁለተኛው ጊዜ ታጥቦ የተቀቀለ የገብስ ገለባ ከሥሩ አንጥፎ ከሽርክቱም ጋር ደባልቆ ተሳካለት።

7ኛ እና 8ኛ መልስ። ሁለቱም ስለ ውሃ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ተጋጭተዋል። ሰባተኛው፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ነጣ ያለ ብቅል ሲዘፈዝፍ አሲዳማነቱ ስለሚያንስ ኢንዛይሞቹ እንደሚለግሙ፣ የድፍድፉ ፒኤች (የአሲዳማነት ልክ) ከ5.2 እስከ 5.6 ቢሆን እንደሚሻል ገልጾ፣ ሎሚ ጭመቅበት አለኝ። ስምንተኛው ሳይለኩ ሎሚ መጭመቅ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው ብሎ ገሠጸው፤ ሎሚ ሲበዛ በቢራው ላይ ጣዕሙ ይቀራል፣ የሚሻለው በጥቂቱ የሚጨመር ላክቲክ አሲድ ነው፣ ከሁሉ በፊት ግን ይለካ አለ። በመለኪያ ወረቀት ለካሁ፤ 5.5 አካባቢ አሳየኝ። ስለዚህ ውሃው ነጻ ወጣ።

ይኸው ስምንተኛ ጸሐፊ ግን አንድ ትልቅ ውለታ ዋለልኝ። ስኳሩ ጭራሹን አልተፈጠረም ወይስ ተፈጥሮ ከእህሉ ላይ ሳይታጠብ ቀረ? ይህን ሳትለይ ማናቸውንም ነገር አትለውጥ አለኝ። መለያውም አዮዲን ነው። ከመድኃኒት ቤት አዮዲን ገዝቼ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ከድፍድፉ ላይ ጥቂት ጭማቂ በማንኪያ ቀድቼ ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አፈሰስሁ። ገለፈት በራሱ ስለሚጠቁርና ስለሚያሳስት አንዲት ቅንጣት እንዳትገባ ተጠንቅቄያለሁ። አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል ሳደርግበት ዙሪያው መጀመሪያ ወይን ጠጅ መሰለ፤ ዓይኔን ሳልነቅል መሐሉ እንደ ቀለም ጠቆረ። ጥቁር ሰማያዊ ማለት ስታርቹ እዚያው ቁጭ ብሏል ማለት ነው። እንግዲህ ችግሬ እጥበቱ አይደለም፤ ዘፍዝፌ ባቆየሁበት ሰዓት ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር አልተለወጠም። (የተመረመረው ጠብታ መደፋት አለበት፤ ወደ ድፍድፉ አይመለስም።)

9ኛ መልስ። ይህ ጸሐፊ በአጭሩ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ቢራው ሲቦካ መጨረሻ ላይ ጥግግቱ ስንት ላይ ይቆማል? ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትሩ እውነተኛ መሆኑን በምን አረጋገጥህ? ለመጀመሪያው 1.004 ብዬ መለስሁ። ለሁለተኛው የሰጠሁት መልስ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቴርሞሜትሩን ስገዛ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ እንደፈተንሁት፣ 100 ማለት ሲገባው 92 እንዳለኝ፣ ስለዚህም 8 ዲግሪ እንደሚያጎድል አውቄ ሁልጊዜ 8 እየደመርሁ እንደምሠራ በሙሉ ልብ ጻፍሁ። 59 ሲያሳየኝ 67 ነው ብዬ እይዝ ነበር።

10ኛ መልስ። ምንም ሰላምታ የለውም። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጀመረ። ውሃ 100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ደረጃ ነው፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባሕር ዳር እንኳ 94 ናት። ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ሒሳብህ ነው አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በ67 የዘፈዘፍሁ ሲመስለኝ በ59 ስዘፈዝፍ ኖሬያለሁ፤ የገብሱ ስታርች በቅጡ ሳይላላ ሰዓቱ እያለቀ። የተለወጠው ጥቂቱም ቢሆን በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ቤታ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ጥቃቅን አድርጎ ስለሚቆርጠው እርሾው ጠራርጎ ይበላዋል፤ 1.004 ላይ መቆሙም ከዚሁ የመጣ ነው ሲል አከለ። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ፊዚክስ ያስተማረኝን ሰው ነካ አደረገው፤ እርሱን አልደግመውም።

11ኛ መልስ። የባሕር ዳሩ ወንድም ተመልሶ መጣና አሥረኛውን ወቀሰው። የተናገረው እውነት ቢሆንም ሰው በጠየቀ መዘለፍ የለበትም፣ እንዲህ ከሆነ ነገ ማንም ጥፋቱን ደፍሮ አይጽፍም አለው። አሥረኛው መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ለሁለቱም አመስግኜ ጽፌያለሁ፤ ብሳደብም ያገኘሁት ከስድቡ ይበልጣል።

12ኛ መልስ። እንግዲህ በደጋ የሚኖር ሰው ቴርሞሜትሩን በምን ይፈትን ለሚለው ከእንጅባራ የጻፈች እህት ጥሩ መልስ ሰጠች። በረዶ ተፈጭቶ በጥቂት ውሃ ጢም ብሎ በብርጭቆ ሲቀመጥና ሲማሰል ከፍታው ምንም ቢሆን 0 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው መፈተኛ የትኩሳት መለኪያ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሁለቱ አብረው ይነከሩና 38 እና 39 ላይ ይስማሙ እንደሆነ ይታያል። በፈላ ውሃ መፈተን የሚፈልግም የከተማውን ከፍታ አስልቶ ይፈትን አለች። በበረዶው ፈተንሁት፤ 0 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በትኩሳት መለኪያውም ልዩነት አልነበረውም። ሁለት ዓመት የወነጀልሁት ዕቃ ንጹሕ ነበር።

13ኛው የራሴ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፍሁት። ከብቅሉ፣ ከውሃውና ከወፍጮው አንዱንም ሳልለውጥ ሙቀቱን ብቻ አስተካክዬ ጠመቅሁ። 15ቱን ሊትር 74 ዲግሪ አድርሼ ብቅሉን ስጨምርበት ድፍድፉ 67 ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ግን ለደብረ ማርቆስ ብርድ አልበቃም፤ በአንድ ሰዓት 3 ዲግሪ አመለጠው። ሰዓቱ ሲሞላ አዮዲኑ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆነ እንጂ አልጠቆረም፤ ሌላ 15 ደቂቃ ስጨምርለት ቀለሙን መለወጥ አቆመ። 20 ሊትር በ1.049 አገኘሁ፤ 980 ነጥብ፣ 65 በመቶ ማለት ነው።

14ኛ መልስ። አንድ ሰው የመቶኛ ቁጥር ማሳደድ ራሱ በሽታ እንዳይሆን አስጠነቀቀ። ሁሉንም ልጠብ ብሎ እህሉን አብዝቶ የሚያጥብ፣ በተለይም ከ77 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ከሆነ፣ ከገለፈቱ ውስጥ አፍ የሚያደርቅ ምሬት ያወጣል፤ የሚወርደው ጭማቂ 1.010 ሲደርስ መቆም ይገባል፤ ከብቅል አንድ ኪሎ መጨመር አንዳንዴ ይቀላል አለ። የመጀመሪያውን ክፍል እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም፤ ገበሬ ያመረተውን እህል በቸልታ ስለ ጣልሁ ሌላ ጨምሬ ጉድለቱን መሸፈን አይዋጥልኝም። ከተቻለ ጉድለቱ ተፈልጎ መታረም አለበት።

ከ15ኛ እስከ 17ኛ ድረስ ነገሩ ወደ ጎን ወጣ። አንዱ፣ ውሃ 92 ላይ የሚፈላ ከሆነ የሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ምሬትም በደጋ በቀላሉ አይወጣም ማለት ነው ሲል ትክክለኛ ነገር አነሣ፤ ሌላው ረዘም አድርጎ ማፍላት ወይም ሆፕሱን መጨመር ነው አለ፤ ሦስተኛው ሆፕስ ለምን፣ ጌሾ እያለ ብሎ ክርክር ጫረ። የጌሾውን ጉዳይ ለብቻው ክር እንዲከፍቱለት ለምኜ ወደ ብቅሉ መለስኋቸው።

18ኛ መልስ። የቢቸናዋ እናት ተመልሰው መጡ። አራተኛው የጻፈባቸውን አላነሡትም። እንኩሮውን ለምን በእጅህ አትሞክረውም፣ አንድ ኪሎ በቆሎ አይገድህም አሉኝ። ቢቆላ ወደ ጠጅ መልክ የሚያዘነብል ቀለም ይሰጥሃል፣ ካልፈለግህ ሳትቆላ አብስለው፣ ምጣድ ላይ ስትለውስ ደረቅ ዱቄት በመካከሉ ቋጥሮ እንዳይቀር በጣትህ እየዳበስህ ፍረክሰው፤ ያቺ ቋጠሮ ናት ጠላ የምታቀጥነው አሉ።

19ኛው እንደገና የእኔ ነው። 4 ኪሎ ብቅልና ሳይቆላ የበሰለ 1 ኪሎ በቆሎ ተጠቀምሁ። ወፍጮ ቤቱን ድንጋዩን እንዲያጠብልኝ ለምኜ፣ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ብቻ አስፈጭቼ እዚያው እጄ ላይ ቆጠርሁ፤ ከመቶው ያልተነካው 3 ፍሬ ሆነ። በቆሎውን ምጣድ ላይ ሳገላብጥ እንደተባለው በጣቴ ዳበስሁት፤ ለስላሳ በመሰለው መሐል የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ቋጠሮዎች አገኘሁ፤ ስጨምቃቸው ከውስጣቸው ደረቅ ነጭ ዱቄት ቦነነ። ሁሉንም ፈረከስሁ። ባልዲውን በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ስጠቀልለው በሰዓቱ ውስጥ ያጣው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። አዮዲኑ በ60ኛው ደቂቃ ጠብታው ላይ እንደ ወደቀ የራሱን ቡናማ ቀለም ይዞ ቆየ። የበቆሎውን ድርሻ ከብቅሉ እኩል ብይዘው፣ 20 ሊትር በ1.055 ማለት 73 በመቶ ነው።

አሁን የቀረኝ ዳጉሳው ነው። የዳንግላው የ6ኛው ጸሐፊ ይህን ካየልኝ፣ ገለባውን ከመቀቀሉ በፊት ስንት ውሃ እንዳጠበው፣ ለ5 ኪሎ ሽርክትም ስንት እፍኝ እንደጨመረ ቢነግረኝ፤ በሚመጣው ወር ብቅሉን ላበቅል ዳጉሳውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።